የሕዝብ ትምህርት ቤትና የመምህሩ ድምፅ
(ወልቂጤንና ቡታጅራን መነሻ ያደረገ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጅማን መንገድ የያዘ መንገደኛ 155 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወልቂጤን ያገኛል። በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ቡታጅራ ይደርሳል። ሁለቱ ከተሞች በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሆነው፣ አንደኛዋ በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ ሁለተኛዋ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ይተዳደሩ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በአንድ የጉራጌ ዞን ተጠቃለሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆኑ።

አስተዳደሩ ይህን ያህል ሲለዋወጥ ያልተለወጠ አንድ ጥያቄ አለ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የልጁን እጅ ይዞ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚመጣው ወላጅ፣ በአንደበቱ ባይናገረውም በልቡ «ልጄ እዚህ ገብቶ ምን ይዞ ይወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። የመምህራን ማኅበር ስለ ሕዝብ ትምህርት የሚያሰማው ድምፅ ክብደት የሚኖረው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከዚህ ርቆ ስለ ማኅበሩ ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ድምፁ ከስብሰባው አዳራሽ አልፎ አይሰማም።

የጉራጌ ሕዝብ ለጋራ ጉዳይ ገንዘቡንና ጉልበቱን በማዋጣት የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶና የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅቶች ሲቋቋሙ፣ በአዲስ አበባ በንግድና በጉልበት ሥራ የሚተዳደረው ተወላጅና በአገር ቤት እንሰቱን ተክሎ የሚኖረው ገበሬ በአንድ መዝገብ ላይ ስማቸው ሰፈረ። ቡታጅራን ከዋና ከተማው ጋር ያገናኘው መንገድ የዚህ ዓይነቱ ጥረት ፍሬ ነው። መንገዱ ሲከፈት ትምህርት ቤቱ ተከተለ፤ ለመንገድ ያዋጣው ሕዝብ ለመማሪያ ክፍልም አዋጣ። ከዚያም አስቀድሞ በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጣለው የትምህርት ግብር ከገበሬው ይሰበሰብ ስለ ነበረ፣ ባላገሩ ልጁን ትምህርት ቤት ሳያስገባ ጭምር ለትምህርት ይከፍል ነበር ማለት ይቻላል። እንግዲህ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚለው ስያሜ በዚህ አካባቢ እንዲያው የተሰጠ ስም አይደለም። ሕዝቡ ዋጋውን ከፍሎበታል።

የትምህርት ፍሬ ምን ያህል ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችልም ከዚሁ አገር ምስክር አይጠፋም። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእምድብር የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከዚያም አልፈው በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ስለ ጉራጌ መንደር ሕይወት በቸሃ ቋንቋ የጻፉት መጽሐፍ በፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ታተመ። የአንድ መንደር ልጅ መንደሩን ለዓለም ማሳየት የቻለው ትምህርቱ በአራተኛ ክፍል ስላልቆመ ነው።

ይህ የአራተኛ ክፍል ነገር በአጋጣሚ የተነሣ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደውና ውጤቱ በ1966 ዓ.ም. ለሕዝብ የተገለጸው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው፣ ዋና ሐሳቡ ይኸው ነበር። ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ተሰጥቶት ከዚያ በኋላ ወደ እርሻውና ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ወደ ላይ የሚያልፉት ግን ጥቂቶች እንዲሆኑ ታሰበ። ጥናቱን ያዘጋጁትን ሰዎች በክፉ ሐሳብ ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። በዚያን ጊዜ ከገጠሩ ሕፃን እጅግ የሚበዛው የትምህርት ቤት ደጃፍ አይቶ አያውቅም፤ ሀብቱም በከተሞች ተከማችቶ ነበር። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ልጆችን ለማዳረስ መፈለግ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም።

ሆኖም ወላጁ ነገሩን የተመለከተው ከሌላ ማዕዘን ነው። የወልቂጤና የቡታጅራ አካባቢ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ቢወጣ ምን ይጠብቀዋል? እርሻው ጠባብ ነው። የሚቀረው ወደ አዲስ አበባ ተጉዞ ሊስትሮ መሆን ወይም በመርካቶ የሰው ዕቃ መሸከም ነው። ለዚህ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ብዙዎች ሳይማሩም አድርገውታል። ሠርቶ ማደር የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም፤ ነገር ግን የድሀው ልጅ ዕጣ አስቀድሞ በጽሑፍ ተወስኖ፣ የሀብታሙ ልጅ መንገድ ክፍት ሆኖ መቅረቱ ወላጁን አስቆጣው። መምህሩ በበኩሉ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ፣ የሥራው ጫና ሲከብድ፣ ደመወዙ ግን እንደማይሻሻል ተገነዘበ።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራኑ የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መናር ምክንያት ሥራ አቆሙ። ተማሪዎችም ተነሡ። መንግሥትም የጥናቱን ተግባራዊነት ለማገድ ተገደደ። በ1941 ዓ.ም. በጥቂት መምህራን የተመሠረተው ማኅበር በሃያ አምስት ዓመቱ የአንድን አገር የትምህርት ዕቅድ ለማስቆም የበቃበት ምክንያት በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል። የደመወዙ ጥያቄ ብቻውን ቢነሣ ኖሮ የመምህራን ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። የመምህሩ እንጀራና የሕፃኑ ዕድል በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለ ተነገሩ ግን ወላጁ የራሱን ድምፅ ሰማበት።

ድሉ ግን ጉድለት ነበረበት፤ ይህንንም መሸፈን አይገባም። ማኅበሩ መጥፎውን ዕቅድ አስቆመ፤ በምትኩ የገጠሩን ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመጣ የራሱን ዕቅድ ግን ይዞ አልቀረበም። ከሳምንታትና ከወራት በኋላ አገሪቱ በሌላ ማዕበል ተዋጠች። የገጠሩ መሃይምነት በሰፊው የተነካው ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ አማካይነት ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ የሽልማቱ እውነተኛ ባለቤቶች ካስተማሩት መካከል በየቀበሌው በፋኖስ ብርሃን ጠመኔ የያዙት መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የማኅበሩ ታሪክ የመከፋፈል ታሪክ ሆነ። በአንድ ስም ሁለት ማኅበር ተነሣ፤ ክርክሩም ለዓመታት በፍርድ ቤት ቆየ። በ1989 ዓ.ም. ከነባሩ ማኅበር መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በአዲስ አበባ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው፣ የአሥራ አምስት ዓመት ፍርድ ተፈርዶባቸው፣ በ1994 ዓ.ም. ተፈቱ። በ2000 ዓ.ም. ስሙና ንብረቱ በፍርድ ለአንደኛው ወገን ጸና። በእነዚያ ዓመታት የጠፋው ነገር ከንብረትና ከስም ይበልጣል። በየወረዳው ያለው መምህር «ማኅበር» የሚለውን ቃል ሲሰማ በወር ከደመወዙ የሚቆረጠውን መዋጮ ብቻ ማሰብ ከጀመረ፣ ማኅበሩ አባል አለው እንጂ አካል የለውም።

የሕጉም ሁኔታ ግልጽ ሊሆን ይገባል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን ቁጥር 87 እና 98 ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች በ1955 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይሁን እንጂ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛውን ከወሰኑ ስላስወጣው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ በኅብረት የሚደራደርበት ሥርዓት አልተዘረጋለትም። በአንጻሩ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41፣ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። መምህሩ ለራሱ የሚደራደርበት በር ጠባብ ሲሆን፣ ለትምህርት የሚከራከርበት በር ግን በሕገ መንግሥት ተከፍቷል። በዚህ በር መግባት የማኅበሩ ፋንታ ነው።

ለመግባት የሚያበቃ ምክንያትም አልጠፋም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። በእነዚህ ቁጥሮች ፊት መምህሩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ዳሩ ግን በእነዚሁ ዓመታት አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፉ ሳይዳረስ ተጀምሯል። በማዕከላዊና በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኙ አንዳንድ አካባቢዎችም የመምህራን ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፈል ቀርቶ ትምህርት እስከ መቋረጥ ደርሷል። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ለገበሬው ማዳበሪያ ሲባል በወረዳው በጀት ዋስትና የተገባው ብድር ሳይሰበሰብ ቀርቶ ዕዳው ከበጀቱ መቆረጡ ነው። ማዳበሪያው የበቀለበት ማሳና መምህሩ የጠፋበት ክፍል የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ ይነሣል። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ሕዝቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ሲጠራ፣ የማዋጣት ልማድ ላለው ለጉራጌ ሕዝብ ጥሪው እንግዳ አልነበረም። መዋጮ መልካም ነው። ነገር ግን መዋጮ የበጀት ምትክ ከሆነ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ነጋዴ ያለው መንደር ጥሩ ትምህርት ቤት ሲያገኝ፣ ዘመድ የሌለው መንደር በጭቃ ክፍል ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ ግድግዳ ሊያቆም ይችላል፤ የመምህርን ደመወዝ፣ የላቦራቶሪን ዕቃና መጽሐፍን ግን ዓመት ከዓመት ሊሸፍን አይችልም። በ1950ዎቹ የመንገዱ ጥረት የሰመረው ሕዝቡ ሲያዋጣ መንግሥትም ድርሻውን ስለ ጨመረ ነው። «እኛ ይህን አድርገናል፤ የመንግሥት ድርሻ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ ልምድ የተገኘ የአካባቢው ባህል እንጂ አመፅ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ የወረዳና የከተማ መሠረታዊ ማኅበራት ሦስት ተግባራትን ሊያከናውኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው በጀትን ማንበብ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ስለዚህ ምክር ቤቱ ከማጽደቁ በፊት፣ ለትምህርት ከተያዘው ገንዘብ ውስጥ ለደመወዝ የሚሄደው ስንት፣ ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍና ለጥገና የሚተርፈው ስንት እንደ ሆነ ማኅበሩ አውቆ ለወላጆች ማስረዳት አለበት። መስከረም ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ዝናሙ ካባራ በኋላ እንደሚዘራ ዘር ነው።

ሁለተኛው ወላጅን ባለጉዳይ ማድረግ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረትና የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በብዙ ቦታ ለመዋጮ ማሰባሰቢያ ብቻ ሲጠሩ ይታያል። መምህሩ በእነዚህ ሸንጎዎች ላይ የክፍሉን እውነት፣ ስንት ልጅ በአንድ መጽሐፍ እንደሚማር፣ ስንቱ ከመስቀልና ከዐረፋ በዓል በኋላ እንዳልተመለሰ በቁጥር ቢያቀርብ፣ ወላጁ ምስክር ብቻ ሳይሆን ተከራካሪ ይሆናል።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ መምህሩ ራሱን መመርመር ነው። ሳይዘጋጅ ክፍል የሚገባ፣ ያለ በቂ ምክንያት የሚቀር ባልደረባ ሲኖር ማኅበሩ አይቶ እንዳላየ ቢያልፍ፣ ስለ ትምህርት ጥራት የሚናገርበትን አንደበት በገዛ እጁ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ ስለ መምህራን ደረጃ ያወጡት የውሳኔ ሐሳብ መብትንና ኃላፊነትን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ከዚሁ የተነሣ ነው። ወላጁ ለመምህሩ መብት የሚቆመው መምህሩ ለልጁ ሲቆም ያየ እንደ ሆነ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤ የካቲት 1966 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ሆኖ አልፏል፤ ያው ዓይነት ቀን ተመልሶ እንዲመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በዚያን ጊዜ «አራት ዓመት ይበቃዋል» የሚለው ፍርድ በሰነድ ተጽፎ ስለ ነበረ ሁሉም አይቶ ተቃወመው። ዛሬ ያንኑ ፍርድ የሚጽፍ የለም። ነገር ግን መጽሐፍ ያልደረሰው፣ መምህሩ ደመወዝ አጥቶ የቀረበት፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ የሚቸግረው ልጅ ያልተጻፈው ፍርድ ተፈጽሞበታል። የተጻፈውን ፍርድ የተቃወመ ማኅበር ያልተጻፈውን አይቶ ዝም ሊል አይገባውም። በወልቂጤም በቡታጅራም በመጪው መስከረም የልጁን እጅ ይዞ የሚመጣው ወላጅ በደጃፉ የሚያገኘው መምህሩን ነው፤ ጥያቄውንም አስቀድሞ የሚያቀርበው ለእርሱ ነው።