የታዳጊ ቡድናችን ተስፋ በመጪው የውድድር ዓመት

(የስፖርት ኮሚቴው በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም በመስኮት በኩል ቆማችሁ የምታዳምጡ ልጆቻችን፤

የኮሚቴያችን ተራ ሲደርስ ልትጠይቁን ያሰባችሁትን እናውቃለን። «ዘንድሮም ዋንጫውን እንደግመዋለን ወይ?» ነው። ከዳቦ ቤቱ ወረፋ ጀምሮ እስከ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ድረስ ይኸው ሲጠየቅ ሰንብቷል። መልሱን ማቆየት ደግ አይደለምና ከፊት እንናገራለን፤ አንደግመውም። መሐል ላይ ከተገኘን ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎችማ በሰፊ ጎል ልንሸነፍ እንችላለን። ይህን የምንለው ልጆቹ ሰንፈው ወይም አሠልጣኙ ደክሞት አይደለም። ምክንያቱ እኛ ነን። ዛሬ የቆምነውም ይህንኑ ለመናገር ነው።

የዓምናው ዋንጫ ይኸው ከጀርባችን ካለው ቁም ሳጥን ላይ ከመዛግብቱ አጠገብ ተቀምጧል። የገባ ዕለት ሰፈሩ እንዴት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። እልልታው፣ ጡሩምባው፣ ሌሊት ድረስ የተጨፈረው፤ ሁላችንም ነበርን። ውድድሩ ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ታዳጊዎች የተዘጋጀ ነው። በፍጻሜው ጨዋታ ካሰለፍናቸው 11 ልጆች መካከል ግን 5ቱ ከ17 ዓመት ያለፉ ነበሩ። አናውቅም ነበር ብንል ይቀልለን ነበር። እናውቅ ነበር። በወረቀት ባናውቅ በዓይናችን እናውቅ ነበር። እንዲያውም ከልጆቹ አንዱ በጨዋታው ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ሲመጣ «ዛሬ አምሮብሃል» ብለነው በአንድነት ስቀናል። ያ ሳቅ ዛሬ ያሳፍረናል።

«ወረቀት የላቸውም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አላቸው። ችግሩ ወረቀቱ ራሱ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሕግ መሠረት ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ የወጣው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ ለታዳጊ ቡድን የሚደርሱት ልጆች ሁሉ የተወለዱት ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ነው። ስለዚህ ዕድሜአቸው የሚታወቀው ከክትባት ካርድ፣ ከክርስትና ወረቀት፣ ከትምህርት ቤት መዝገብ ወይም ምስክር ተቆጥሮ በኋላ ከተሠራ ማስረጃ ነው። የክትባት ካርድ ቤት ሲቀየር ይጠፋል፣ ጣራ ሲያፈስ ይበሰብሳል። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ልጁ ዘግይቶ ከገባ አብሮ ይሳሳታል። በላዩ ላይ የእኛ ዘመን ወደ ፈረንጅ ሲለወጥ 7 ይደመር ወይስ 8 እየተባለ፣ ማንም ሳያስበው አንድ ዓመት የሚያመልጥበት ጊዜ አለ። የምስክር ወረቀት ደግሞ እንደ ምስክሩ ነው።

እኛን ያነቃን ግን ወረቀት ሳይሆን ቡና ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ የአጥቂያችን እናት ለደስታው ቡና ጠሩንና ሄድን። ሁለተኛው ሲቀዳ ስለ ልጃቸው ያጫውቱን ጀመር። «ይሄ ልጅ እኮ ከድሮም ደፋር አልነበረም፤ የሚሌኒየሙ ለት ሌሊት ርችቱ ሲተኮስ በጀርባዬ አዝዬው ጮኾ ጮኾ ሰው አስቸገረ» አሉ፣ እየሳቁ። ሚሌኒየሙ የተከበረው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሌሊት የታዘለ ልጅ ቢያንስ የ1999 ልጅ ነው። በእኛ መዝገብ ግን ልደቱ 2002 ይላል። ስኒው እጃችን ላይ ቀረ። እናትየው ምንም አላጠፉም፤ ወረቀቱንም አላዩትም። ለማስረጃው ከቆሙት ምስክሮች አንዱ ከዚሁ ከኮሚቴያችን የተነሣ ሰው ነበር። እሱም ዛሬ እዚሁ አብሮን ቆሟል፤ ይህ እንዲነገር የጠየቀውም ራሱ ነው።

በትልልቁ ውድድር ወረቀትን ብቻ ማመን ከቀረ ቆይቷል። ፊፋ በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ናይጄሪያ ውስጥ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ ማስመርመር ጀምሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። በክንድ አጥንት ጫፍ ላይ፣ አንጓው አጠገብ፣ ልጅ ሲያድግ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ መስመር አለ። ዕድገቱ ሲያበቃ መስመሩ ይገጥምና አጥንቱ አንድ ወጥ ይሆናል። ዕድሜአቸው በትክክል ከ17 በታች ከሆነ ልጆች መካከል ሙሉ በሙሉ የገጠመበት ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። መሣሪያው እንደ ራጅ ጨረር የለውም። እርግጥ ልደትን አይናገርም፤ ዕድሜው አልፎ መስመሩ ገና ያልገጠመ ልጅም ሊያልፍ ይችላል።

ይህ የኛ ብቻ ገመና አይደለም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 በተጫዋቾች የልደት ቀን መለዋወጥ ምክንያት ለሁለት ዓመት ከውድድር ታግዳ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የካሜሩን ፌዴሬሽን፣ ፕሬዚዳንቱ ያ ታላቁ አጥቂ ሳሙኤል ኤቶ ሆኖ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የተዘጋጁትን ታዳጊዎች አስመረመረ። ከ30ዎቹ 21 ወደቁ። አገሩ በሙሉ አፈረ። ግን ሌሎች ልጆች ተሰብስበው ማጣሪያውን አለፉ! እኛን የገረመን ይኸኛው ነው፤ ለካ ትክክለኛዎቹ ልጆች ድሮውንም ነበሩ፣ ጠሪ አጥተው ነው እንጂ።

የሰፈር ቡድን ኤም አር አይ ከየት ያመጣል? በኮሚቴው ሣጥን ያለው ገንዘብ ኳስና መረብ ገዝቶ ያልቃል። እኛ የሠራነው በሌላ መንገድ ነው። ሦስት ማታ ቤት ለቤት ዞርን። «መቼ ተወለደ?» ብለን አልጠየቅንም፤ እንዲህ ሲባል ሁሉም ወረቀቱን ነው የሚያወጣው። «እሱን ስታርሺ ጎረቤት አራስ ማን ነበረች? ታላቅ እኅቱ ስንተኛ ክፍል ነበረች? ክርስትናው ከማን ልጅ ጋር ነበር?» እያልን ነው የጠየቅነው። እናቶች ቀን ቢስቱ አራስ አይስቱም። ሁለት እናቶች ተከራክረው ሦስተኛዋን ሲያስጠሩ በየቤቱ ያመሸነው ማምሸት ለብቻው ጨዋታ ነው፤ ቡናውም አልተቻለም። በመጨረሻ 19 ልጆች ዕድሜአቸው እንደሆነ አረጋገጥን።

«ታዲያ ማን ተጎዳ? ዋንጫ መጣ፣ ሰፈር ተደሰተ» የምትሉ ወንድሞች አላችሁ። አንድ ልጅ እንንገራችሁ። ዓምና 14 ዓመቱ ነበር። ግራ እግሩ የሚናገር፣ ኳስ ሲይዝ ሽማግሌው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሣለት ልጅ። ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ሆኖ ተቀመጠ፤ በሱ ቦታ የተሰለፈው ጢም ያለው ነበርና። ውኃ አመላላሰ፣ ማልያ ሰበሰበ። ዋንጫው ሲመጣ መኪናው ላይ ነበር፤ ፎቶውም አለ። ከዚያ በኋላ ልምምድ መምጣት አቆመ። አሁን ከትምህርት መልስ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኗል። ሄደን ስናነጋግረው ቀና ብሎም አላየን። «እናንተ የምትፈልጉት ትልቅ ሰው ነው፤ እኔ ሳድግ ደግሞ አልፎሃል ትሉኛላችሁ» አለን። መልስ አላገኘንለትም።

የተሰለፈውም ቢሆን አልተጠቀመም። ያ አጥቂያችን ዓምና ጎል በጎል ሆኖ ሲያበቃ አንድ ክለብ ለሙከራ ጠርቶት ነበር። እኩዮቹ መሐል ሲገባ ትከሻው አልሠራለትም። ልጆችን ገፍቶ ማለፍ የለመደ እግር፣ የሚያክለው ተከላካይ ፊት ሲቆም ሌላ ዘዴ አልነበረውም። ጥሩ ተጫዋች ይሁን አይሁን ዛሬም እሱ አያውቅም፤ እኛም አናውቅም። እንዲያውቅ ዕድል አልሰጠነውማ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ቡድን እንመለስ።

በረኛችን 15 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ58። ጎሉ ግን ለሱ ተብሎ አያንስም፤ ስፋቱ 7 ሜትር ከ32፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ44 ነው። እግር ሥር ገብቶ ኳስ ሲነጥቅ የሚፈራ አይደለም፤ ከላይ የምትመጣ ኳስ ግን ታልፈዋለች። ስለዚህ የማዕዘን ምት ሲሆን ሁለት ልጆች በሁለቱ ቋሚዎች ሥር ይቆማሉ። ተቀያሪው ቁመት አለው፣ ኳስ ግን እጁ ላይ አትረጋለትም። ሁለቱም ገና ይማራሉ።

ከተከላካዮቹ መሐል አምበል ያደረግነው ሜዳ ላይ አፉን ከፍቶ የሚናገረውን ብቸኛ ልጅ ነው። የቀሩት ዝምተኞች ናቸው፤ ኳስ በመካከላቸው እያለፈች እርስ በርስ ይተያያሉ። የቀኙ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነ ፈተናው ሲቃረብ እንደማናሰልፈው ለአባቱ ቃል ገብተናል። በግራ በኩል ግራ እግረኛ የለንም። በቀኝ እግሩ የሚጫወት ልጅ ነው እዚያ ያለው፤ ይቸገራል።

ደስ የሚለን የመሐል ሜዳው ነው። ሦስቱም ከታችኛው መንገድ ኮብልስቶን ላይ፣ በግንብና በግንብ መካከል በትንሽ ኳስ ያደጉ ናቸው። ቦታ ስለሌለ ቶሎ ማቀበልን ያወቁት ከዚያ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ኳስ ሳትደርሰው በፊት ዞር ብሎ ያያል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ መኪና እየፈራ የለመደው ይመስለናል። ሜዳው ደረቅ ከሆነ እነዚህን ልጆች ማየት ያስደስታችኋል። ጭቃ ከሆነ ግን አጭር ኳስ ትቆማለችና ችግር ነው።

አጥቂ የለንም። እውነቱ ይኸው ነው። ከተከላካይነት ያመጣነውን አንድ ልጅ እየሞከርን ነው፤ በልምምድ ጎል ፊት ሲደርስ ይጨነቃል። በግራ ክንፍ 11 ቁጥር ማልያን ለማንም አልሰጠንም። ያ ልጅ ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አይቷል። አልጠራነውም፤ አሠልጣኙ «ተዉት፣ ራሱ ይግባ» ብሏል።

ስለ ተጋጣሚዎቻችን ብዙ አንልም። ከነሱም ዘንድ የሚላጩ እንዳሉ እናያለን፤ ትናንት ያንኑ ያደረግን ዛሬ ጣት አንቀስርም። አንድ ሐሳብ ብቻ ለአዘጋጆቹ አቅርበናል። ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት እናቶች ተመርጠው የሌላውን ሰፈር መዝገብ ይዩ፣ የወላጆችንም ቃል ይስሙ ብለናል። አዘጋጆቹ ሳቁ፣ ግን እምቢ አላሉም።

የቀረው የዋንጫው ነገር ነው። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ የምታጫውቱን አባቶች፣ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍንበትን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለበትን ስታወሩልን እየሰማን አድገናል። ያን ስታወሩ ድምፃችሁ አይቀንስም። እኛ ግን የራሳችንን ዋንጫ ስናነሣ በዚህ ወራት ድምፃችን እየቀነሰ ነው። በኮሚቴው ውስጥ አልተስማማንም። ሦስታችን ይመለስ እንላለን። ሁለታችን ደግሞ ሁለተኛ የወጣውም ሰፈር ቢመረመር ከኛ አይሻልም፣ ለማን ነው የሚመለሰው፣ ደግሞስ ዕድሜአቸው ደርሶ የለፉት ስድስቱ ልጆች ምን አጠፉ ይላሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ስድስቱ ልጆች ዛሬ መስኮቱ ላይ ናቸው። ስለዚህ ውሳኔውን ለእናንተ ትተናል። ከዚህ ንግግር በኋላ እጅ ይቆጠራል። የልጆቹም ቃል ከመቆጠሩ በፊት እንዲሰማ እንጠይቃለን።

ዕድሜአቸው ያለፈው አምስቱ ከትልልቆቹ ቡድን ጋር ይጫወታሉ። አጥቂው ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ታናናሾቹን ለማሠልጠን ፈቅዷል፤ እናቱም ደስ ብሏቸዋል። ታኬታ ያስፈልገናል። የልጆች እግር በስድስት ወር ያድጋል፤ ከ37 እስከ 41 ቁጥር ያለ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ በቤታችሁ የተቀመጠ ካለ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቡልን። ልምምድ ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ ነው። የሜዳው በር ቁልፍ ከጥበቃው ዘንድ ይገኛል፤ ቀድሞ የደረሰ ይክፈት።