ለቆላ መልክዓ ምድር የሚበጅ ካሜራ ስለ መምረጥ

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ፣ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ የደጋውን ቀዝቃዛ አየር ወደ ኋላ ትቶ ሽኸዲ በሚል ስም ጭምር ከምትታወቀው ከገንዳ ውሃ ከተማ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ፣ ከድንበሩም ማዶ የሱዳኗ ገላባት ይገኛሉ። ይህ አገር በታሪኩ፣ በንግዱና በሰሊጡ ብዙ ሲነገርለት ኖሯል፤ በፎቶግራፍ ባለሙያ ዓይን የታየበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ገደሉና ሸንተረሩ ራሱ ሥዕሉን ሠርቶ ይጠብቃል፤ ባለሙያው ከተገቢው ስፍራ ቆሞ ብርሃኑን ከጠበቀ የድካሙ ግማሽ ተቃለለለት ማለት ነው። በመተማ ቆላ ግን ዓይንን በአንድ ጊዜ የሚይዝ ገናና ነገር በቀላሉ አይገኝም። ያለው እስከ አድማስ የተዘረጋ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ፣ በየኮረብታው ጎን የቆመ የዕጣን ዛፍ፣ ወደ አትባራ የሚፈሰው የጓንግ ወንዝና ዳርና ዳሩን ይዞ የሚሄደው የዛፍ መስመር ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥዕል ሕይወቱ በጥቃቅኑ ዝርዝር ላይ ነው። አንድ ሺህ የዛፍ ግንድ አንድ በአንድ ሲለይ ደን ይሆናል፤ ሳይለይ ሲቀር ግን ቡናማ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በቆላው የሚሠራ ባለሙያ የበለጠ ዝርዝር የሚይዝ ካሜራ ቢመኝ ምኞቱ ከንቱ አይደለም። ጥያቄው ምኞቱን የሚፈጽምለት ካሜራው ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል የማይሆነው ገንዘቡ ብዙ ስለ ሆነ ነው። በብዙ ባለሙያዎች እጅ የሚገኘው ካሜራ 24 ሚሊዮን ነጥብ፣ ማለትም 24 ሜጋፒክስል የሚይዝ ነው። ከዚያ በላይ ለሚሻ ሰው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኒኮን ዲ 850 45.7፣ በ2019 የወጣው ሶኒ ኤ7አር 4 ደግሞ 61፣ በ2021 የወጣው ፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 100ኤስ 102 ሚሊዮን ነጥብ ይዘው ቀርበዋል። የውጭ ምንዛሪ አሠራር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ስለ ጨመረ፣ ከውጭ የሚገባ የካሜራ ዕቃ ለብዙ ባለሙያ የአንድ ዓመት ልፋት ዋጋ ሆኗል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛው ካሜራ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖ ቢገኝ፣ ጉዳቱ የኪስ ብቻ ሳይሆን የሙያም ነው፤ ለነዳጅ፣ ለጉዞና ለቆይታ ይውል የነበረው ገንዘብ በዚያው ቀርቷልና።

በመጀመሪያ መታረም ያለበት የቁጥሩ አነባበብ ነው። የነጥብ ብዛት የሚቆጠረው በስፋት ሲሆን፣ ዓይን የሚለየው ዝርዝር ግን የሚለካው በርዝመት ነው። ባለ 24 ሚሊዮኑ ካሜራ በአግድም 6,000 ነጥብ አለው፤ ባለ 45.7 ሚሊዮኑ 8,256፣ ባለ 61 ሚሊዮኑ 9,504። እንግዲህ ከ24 ወደ 61 የተሻገረ ሰው በቁጥር ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ያገኘ ይመስለዋል እንጂ፣ በዝርዝር በኩል ያገኘው ጭማሪ ከስድሳ በመቶ ያነሰ ነው። በኅትመት ሲታይም እንዲሁ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 70፣ ሦስተኛው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው ሥዕል ይሰጣል። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሁለት ሜትር ርቀት የሚታይ ከሆነ፣ ባለ 24 ሚሊዮኑም ቢሆን ከዚህ መጠን እጅግ ሰፍቶ ሊታተም ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጣል፤ ይኸውም ባለሙያው በሥዕሉ ላይ ሊያየው የሚፈልገው ትንሹ ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው። በመተማ ቆላ ለዚህ ጥያቄ ከዕጣን ዛፍ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ኔቸር ሰስቴነብሊቲ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የሚገኙ የዕጣን ዛፍ ደኖችን መርምሮ፣ በአብዛኞቹ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ያረጁትን የሚተካ ለጋ ዛፍ እንዳልበቀለ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ከብቱ፣ እሳቱ፣ ከመጠን ያለፈ መድማትና የእርሻ መስፋፋት ተደራርበውበታል። ስለዚህ የኮረብታውን ደን ለመጪው ትውልድ ማስረጃ አድርጎ ለማቆየት የሚያነሣ ባለሙያ፣ ሥዕሉ ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ ትልልቆቹ ዛፎች ስንት ናቸው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ከሥራቸው ለጋ ዛፍ አለ ወይስ የለም የሚለውም ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። የካሜራው አንድ ነጥብ በመሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት የሚገኘው የነጥቡ መጠን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ተካፍሎ በርቀቱ ሲባዛ ነው። ባለሙያው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥሞ በ500 ሜትር ርቀት የሚገኝ ኮረብታ ቢያነሣ፣ በባለ 24 ሚሊዮኑ ካሜራ አንድ ነጥብ 6 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ በባለ 45.7 ሚሊዮኑ 4.4፣ በባለ 61 ሚሊዮኑ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ግንድ ሦስቱም ይለዩታል። 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ለጋ ዛፍ ግን ውዱም ካሜራ ቢሆን አያሳየውም፤ ከአንድ ነጥብ ያንሳልና። ያው ባለ 24 ሚሊዮን ካሜራ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢገጠምለት ወይም ባለሙያው 250 ሜትር ያህል በእግሩ ቢጠጋ፣ አንድ ነጥብ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሸፍናል። የቀድሞው ካሜራ ውዱን በለጠው ማለት ነው። ለጋውን ዛፍ ቢያንስ በሦስት ነጥብ ለማየት ደግሞ በ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ባለ 24 ሚሊዮኑ ወደ 165፣ ባለ 61 ሚሊዮኑ ወደ 265 ሜትር መጠጋት ይኖርበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መቶ ሜትር የእግር መንገድ ነው። ገደል ወይም ወንዝ ካልከለከለ በቀር መቶ ሜትሩን መራመድ ይቀላል።

ሦስተኛው የቆላው አየር ነው። በበልግ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍባቸው ቀናት መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይርገበገባል፤ በሩቅ ያለው የዛፍ ጠርዝ በውኃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይንቀጠቀጣል። በዚህ ሰዓት ብዙ ነጥብ ያለው ካሜራ የሚመዘግበው የአየሩን መርገብገብ እንጂ የዛፉን ዝርዝር አይደለም። ረጅም ሌንስም መርገብገቡን ከዛፉ ጋር አጉልቶ ያቀርበዋል። በበጋው ደግሞ የሚቃጠለው ሣር ጢስና አቧራው አድማሱን ይጋርዱታል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት አየሩ የታጠበ ነው፤ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሞ የሚደርቅበትም ጊዜ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ የዕጣኑ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ግንዱና ቅርንጫፉ ጎልቶ የሚታየው በበጋ በመሆኑ፣ በዚያ ወራት የሚሠራ ባለሙያ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለችውን አጭር ጊዜ፣ መሬቱ ሳይግል፣ መጠቀም ይኖርበታል። ይህችን ጊዜ ለማግኘት ሌሊት መነሣት እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም።

አራተኛው የሌንሱ ቀዳዳና የካሜራው መቆሚያ ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በባሕርዩ ይበተናል። አረንጓዴ ብርሃን በኤፍ 8 ወደ 11፣ በኤፍ 11 ወደ 15፣ በኤፍ 16 ወደ 21 ማይክሮ ሜትር የሚሰፋ ክብ ይፈጥራል። የባለ 61 ሚሊዮኑ ካሜራ አንድ ነጥብ ግን ከ4 ማይክሮ ሜትር ያነሰ ነው። እንግዲህ ከፊት ያለው ድንጋይና ከሩቅ ያለው ኮረብታ እኩል ይጥራልኝ ብሎ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 16 የሚያጠብ ባለሙያ፣ በከፍተኛ ዋጋ የገዛውን ዝርዝር በገዛ እጁ ይመልሰዋል። ባለ ብዙ ነጥብ ካሜራ በኤፍ 5.6 እና በኤፍ 8 መካከል መሥራትን፣ ትኩረቱን በጥንቃቄ መምረጥን፣ ጽኑ ባለ ሦስት እግር መቆሚያንና ጥሩ ሌንስን ግድ ይላል። እነዚህ ሳይሟሉ ካሜራውን ብቻ መለወጥ፣ መሠረቱ ሳይጠና ጣራውን እንደ መቀየር ይቆጠራል።

ከዚህም በላይ ብዙ ነጥብ የሚገኝበት ሌላ መንገድ አለ። ባለ 24 ሚሊዮኑን ካሜራ በመቆሚያው ላይ አቁሞ፣ በቁመቱ አዙሮ፣ እያንዳንዱ ሥዕል ከቀጣዩ ጋር ሠላሳ በመቶ ያህል እንዲደራረብ አምስት ጊዜ ያነሣ ባለሙያ፣ አምስቱን በኮምፒውተር ሲያጋጥም ወርዱ 15,200፣ ቁመቱ 6,000 ነጥብ የሆነ፣ 91 ሚሊዮን ነጥብ ያህል ያለው ሥዕል ያገኛል። ለቆላው ረጅም አድማስ ይህ ቅርጽ ተስማሚ ነው። ጉድለቱ ነፋስ ባለበት ቀን ነው፤ ሣሩና ቅጠሉ ሲወዛወዝ፣ የከብት መንጋም ሲያልፍ ሥዕሎቹ አይገጣጠሙም።

ታዲያ ካሜራ መለወጥ የሚገባው መቼ ነው? መልሱ በሦስት ነገር ሊጠቃለል ይችላል። ሥራው በአንድ ቅጽበት መያዝ ያለበት ሲሆን፣ ማለትም ነፋስ፣ ደመናና እንስሳ የማይጠብቁ ሲሆኑ፤ ሥዕሉ በትልቁ ታትሞ ከቅርብ የሚመረመር ሲሆን፤ ወይም ወደ ኮረብታው መጠጋት በወንዝ፣ በገደል ወይም በድንበር ጥበቃ ምክንያት የማይቻል ሲሆን ነው። ከነዚህ አንዱ ያጋጠመው ባለሙያ ወደ 45 ሚሊዮን ነጥብ ከፍ ቢል ይበጀዋል። 45ን አልፎ ወደ 61 መሄድ የሚጨምርለት ዝርዝር ዐሥራ አምስት በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ትርፍ ገንዘቡ ለሌንስ ቢውል ይመረጣል። ባለ 102 ሚሊዮኑ በዝርዝር የ24ቱን እጥፍ ያህል ይሰጣል፤ ሆኖም የራሱን ሌንሶች ስለሚጠይቅ ወጪው በካሜራው አያበቃም። ያልታመቀ የባለ 61 ሚሊዮን አንድ ሥዕል ወደ 120 ሜጋባይት ይሆናል፤ አምስት መቶ ሥዕል 60 ጊጋባይት ማለት ነው። ይህን በሁለት ቦታ የሚያስቀምጥበት የማከማቻ ዕቃና ኮምፒውተር የሌለው ባለሙያ የካሜራውን ዋጋ ገና ግማሹን ነው የቆጠረው።

ለመወሰን የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ። ባለሙያው አንድን የዕጣን ዛፍ አሁን ባለው ካሜራ በንጋት ከ20 ሜትር፣ ያንኑ ዛፍ በቀትር ከ500 ሜትር ያንሣው፤ ሁለቱንም አትሞ ጎን ለጎን ይስቀላቸው። የቅርቡ ደብዝዞ ከታየው ችግሩ ሌንሱ፣ ትኩረቱ ወይም መንቀጥቀጡ ነው። የቅርቡ ጠርቶ የሩቁ ከደበዘዘ ሩቁን በንጋት ደግሞ ያንሣው፤ ያን ጊዜ ከጠራ ጥፋቱ የአየሩ ነበር። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ዝርዝር ከጎደለ፣ ያን ጊዜ ካሜራው ይለወጥ።

ስለ ዘላቂ ዋጋ ካነሡ ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያ አንድ ታሪክ ያስተምራል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት የመሐንዲስ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች በመንገዳቸው ያለውን አገር በመስተዋት ሰሌዳ ላይ አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ሥዕሎቹን ይዘው የተነሡባቸውን ስፍራዎች ፈልገው በማግኘት ዳግመኛ አነሡ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። መሬቱ ከዓመት ዓመት እየተራቆተ ብቻ መጣ የሚለው አስተሳሰብ በሥዕሎቹ ፊት አልጸናም፤ በብዙ ስፍራ ዛፉ ከ1860ዎቹ ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል። እነዚያ ሥዕሎች ይህን ምስክርነት ሊሰጡ የቻሉት ግልጽ ስለ ነበሩና የተነሡበት ስፍራ ተመልሶ ሊገኝ ስለ ቻለ ነው።

የመተማ ቆላም እንዲህ ያለ ምስክር ያሻዋል። በገንዳ ውሃ ዙሪያ የሚሠራ ባለሙያ በአካባቢው አስተዳደርና በነዋሪው ፈቃድ ዐሥር ስፍራ መርጦ፣ የእያንዳንዱን አቅጣጫ፣ የካሜራውን ከፍታ፣ ሌንሱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በመዝገብ ጽፎ፣ በየዓመቱ በጥቅምትና በጥር ከዚያው ስፍራ ቢያነሣ፣ ዛሬ በእጁ ባለው ካሜራ የሚጀምረው ሥራ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሚገዛው ካሜራ ከሚጀምረው ይበልጣል። ካሜራ በማናቸውም ዓመት ሊገዛ ይችላል፤ ዛሬ በኮረብታው ላይ የቆመው ዛፍ ግን ከተቆረጠ በኋላ በምንም ያህል ነጥብ አይነሣም። ስለዚህ ባለሙያው ለመግዛት ይቆጥብ፤ ለማንሣት ግን አይዘግይ።