የአዲስ አበባው ጉዞ ሒሳብ
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ግራና፣ ጥር 2017

 

በዛሬው አጀንዳ ሦስተኛው ነጥብ «የሁለተኛው ጉዞ በጀት» ይላል። ነጥቡን እንድናስረዳ የተመረጥነው የመጀመሪያውን ጉዞ ሒሳብ የያዝን ሁለት ሴቶች ነን። አንዷ ጽፋለች፣ ሌላዋ ታነባለች፤ ጥፋቱ ግን የሁለታችንም ነው። ስለዚህ ቀድመን የምንናገረው ስለ መጀመሪያው ጉዞ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባችሁ ብዙ ናችሁ፣ ወሬውንም የሰማችሁት በቡና ላይ ነው። በቡና ላይ ደግሞ ወሬ ከአቦል እስከ በረካ ይረዝማል።

ጥር 20 ቀን 2012 ረቡዕ፣ አሥራ ሁለት ሆነን ከግራና ተነሥተን አዲስ አበባ ሄድን። አራት ሌሊት አደርን። መርካቶን ዞርን፣ አንድ ሌሊት ትልቅ ሆቴል ተኛን፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አዝማሪ ስንሰማ አመሸን። ለሥልጠና አልነበረም። በሽተኛም አልወሰድንም፣ ለቅሶም አልደረስንም። ለመዝናናት ነበር የሄድነው።

ይህን ቃል ለማለት ራሱ አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። ከእኛ አገር ሴት አዲስ አበባ የምትሄደው ወይ ለሆስፒታል፣ ወይ ለቀብር፣ ወይ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ለማውጣት ነው። ለመዝናናት ሄደች የተባለች ሴት ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፈርነው «የልምድ ልውውጥ ጉዞ» ብለን ነበር። እንዲያውም አንዳንዶቻችን በዚህ ስም ከደጋፊዎቻችን ትንሽ ድጎማ ብንጠይቅስ አልን። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት እናታችን ግን ጽሑፉ ሲነበብ አዳመጡና «ልምዱ ምንድን ነው? ከማንስ ጋር ነው የምንለዋወጠው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ቃሉም ተሰረዘ። ለደጋፊዎቻችን አሁንም ደግመን እንናገራለን፤ ከእናንተ ከመጣው ብር ለዚያ ጉዞ አንድ ሳንቲም አልወጣም። መዝገቡ ገንዘብ ያዧ እጅ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይይ።

ሐሳቡን ያመጣችው ዓረብ አገር ስምንት ዓመት የሠራች እህታችን ናት። ከመካከላችን አምስቱ እንዲህ ተመላሽ ነን። እርሷ መጀመሪያ ሰው ቤት፣ በኋላም ሆቴል ውስጥ በጽዳት ሠርታለች። «በቀን አሥራ አምስት አልጋ አነጥፍ ነበር፤ አንዱ ላይ ግን ቁጭ ብዬ አላውቅም» አለች። ከዚህ በኋላ ሌላ ማስረጃ ማንም አልጠየቀም።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከጥር 2010 እስከ ጥር 2012 በየሳምንቱ 20 ብር፣ ከመደበኛው ቁጠባ ውጪ፣ ለጉዞ ብቻ አስቀመጥን። በ104 ሳምንት 2,080 ብር ሆነ። በሁለቱ ዓመት ሽንኩርት ሲሸጥ ደግሞ በየጊዜው 1,500 ብር ጨመርን። ለአንዷ 5,080፣ ለአሥራ ሁለታችን 60,960 ብር ማለት ነው።

በጀቱ ይህን ይመስል ነበር። ሚኒባስ ኮንትራት ለአምስት ቀን ከነነዳጁ 12,000። ለሦስት ሌሊት መካከለኛ ሆቴል፣ ስድስት ክፍል በ600 ብር፣ 10,800። ለአንድ ሌሊት ትልቅ ሆቴል፣ ስድስት ክፍል በ2,800 ብር፣ 16,800። ምግብ በቀን ለአንዷ 200፣ በድምሩ 12,000። ለምሽት መዝናኛ 6,000። ሲደመር 57,600 ነው። 3,360 ብር ለመጠባበቂያ ተረፈን፤ ጎበዞች ነን ብለን አጨበጨብን።

ጊዜውን በደንብ መርጠናል፤ ይህን ማንም አይነሣንም። ጥር ላይ የገና ጾም አልፏል፣ ዐቢይ ጾምም ረመዳንም ገና ናቸው። ጥምቀት አልፎ፣ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሳይጀምር ነበር የደረስነው። ጉባኤው ሲሆን የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል፣ መንገዱም ይዘጋል። የረሳነው ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ነው። ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ልንገዛ ሄደን ከሙሽሮችና ከሚዜዎች ጋር ተጋፍተን ተመለስን።

መንገዱን አናረዝምባችሁ። ውጫሌንና ሐይቅን አልፈን፣ ደሴ ቁርስ በልተን፣ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን፣ የጣርማ በርን ዋሻ እያጨበጨብን አልፈን ማታ ገባን። ሐሙስ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለውን አንድነት ፓርክን አየን፤ ያኔ ከተከፈተ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። ከእኛ አንዷ የዙፋኑን አዳራሽ አይታ «ይህን ሁሉ ማን ነው የሚያጸዳው?» አለች። ዓይናችን ለካ አሁንም የሠራተኛ ዓይን ነው።

ዓርብ መርካቶ ገባን። ጠዋት ገበያ፣ እኩለ ቀን ላይ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ አንዋር መስጊድ፣ ክርስቲያኖቹ እዚያው አጠገብ ራጉኤልን ተሳልመን፣ ከዚያ እንደገና ገበያ። እስከዚህ ድረስ ያማረ ነው። አሁን በጀቱን መለስ ብላችሁ እዩት፤ መርካቶ የሚል መደብ አለው? የለውም። «ለዕቃ መግዣ እያንዳንዷ ከኪሷ» ብለን ነበር ያለፍነው። አንዷ ከአንዷ ጋር እንዳትፎካከር፣ የሌላት እንዳታፍር ብለን ነው። አሳባችን መልካም ነበር። ነገር ግን ልክ ያልተሰጠው ኪስ የት ድረስ ኪስ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ከአሥራ ሁለታችን አራታችን የሽንኩርት ዘር መግዣ ይዘን ነበር። ባሎቻችን «አዲስ አበባ ከሄዳችሁ አይቀር ቦምቤ ሬድ ዘር ይዛችሁ ኑ» ብለው የሰጡን ነው። ብሩ ከቀሚሳችን ሥር ታስሮ ነበር። መጀመሪያ ሁለት መቶ ብር ወጣ፣ ማታ እንመልሳለን ተባለ። ከዚያ መጋረጃ ታየ። ነጋዴው 1,800 ብሎ በ1,100 ሲሰጥ ያተረፍን መሰለን፤ ሰባት መቶ ብር የተረፈን ያህል በሌላ ሱቅ አጠፋነው። ስኒ፣ ብርድ ልብስ፣ ለልጅ ጫማ። ማታ አልጋ ላይ ብሩን ስንቆጥር ከአራታችን የዘር ብር 11,400 ጎድሏል። ይህን ንግግር ያዘጋጀን ሁለታችንም ከአራቱ ውስጥ ነን። (ያንኑ ብርድ ልብስ ወር ሳይሞላ ወልድያ በ40 ብር ጭማሪ አገኘነው። እዚያው ብንገዛው ኖሮ መኪናው ላይ ተጣጥፈን አንመጣም ነበር።)

ቅዳሜ ትልቁ ሆቴል ገባን። እንዴት እንደነበር መናገር ያስቸግራል። አንሶላው ነጭ፣ ዝምታው ከባድ፣ ውኃው ሲከፈት ሙቅ። ዓረብ አገር የሠራችው እህታችን አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠች። ከዚያ የተቀመጠችበትን ቦታ በእጇ አቃናችው። ሳቅንባት፤ እርሷም ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ለዚህ ለዚህ ብሩ አላንገበገበንም።

ያንገበገበን ሌላ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ አዝማሪ ቤት ልንሄድ በጀት ይዘናል። ሄድን። ሙስሊሞቹ አምቦ ውኃና ጭማቂ፣ ሌሎቻችን ደግሞ ጠጅ ይዘን ተቀመጥን። አዝማሪው ከየት መጣችሁ አለ፤ ከወሎ፣ ከሐብሩ ስንል መሰንቆውን ወደ አምባሰል መለሰው። አምባሰል ለሌላው ሰው ቅኝት ነው፣ ለእኛ ግን አጎራባች ወረዳችን ነው! ስማችንን እየጠየቀ በየተራ ሲያሞግሰን ማን እጇን ትሰበስባለች? ለሽልማት የሚሆን መደብም በበጀቱ አልነበረም። 6,000 ያልነው 7,300 ሆነ። ሆቴል የተመለስነው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሾፌሩ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት እንነሣለን ብሏል። በሕይወታችን ውድ የሆነውን አልጋ ሦስት ሰዓት እንኳ በቅጡ አልተኛንበትም! ቁርሱም በዋጋው ውስጥ ነበር፤ ወጥ ቤቱ ሳይከፈት ወጣን።

ስንወጣ ሒሳቡ መጣ። 2,800 የተባለው ክፍል 3,542 ሆኗል። ስንጨቃጨቅ ያችው እህታችን ወረቀቱን አየችና «ትክክል ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብን» አለች። በዋጋው ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት ይታሰባል። በየክፍሉ 742 ብር፣ በስድስት ክፍል 4,452። መጠባበቂያችን በአንድ ወረቀት አለቀ። የሾፌሩን አልጋና ምግብም ረስተን ኖሯል፤ በቀን 500፣ ለአራት ቀን 2,000። ተደምሮ ተቀንሶ 4,392 ብር ጎደለን፤ ለአንዷ 366 ይደርሳታል። ከየት እንደተከፈለ መገመት አያቅታችሁም።

የካቲት ላይ ማኅበሩ ተሰበሰበ። በደንባችን መሠረት እንቀጣ ያሉ ነበሩ፤ ተገቢም ነበር። የአንዳችን ባለቤት ስብሰባው ደጃፍ ድረስ መጥተው «መጋረጃው ያምራል። የዘሩን ነገር ግን ለምን ማታውኑ ደውለሽ አልነገርሽኝም?» አሉ። ይህን ያህል ብቻ ነው ያሉት፤ ከቅጣት በላይ ገባን። ደፍረን አልነገርናቸውም፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም ለመዝናናት እንደምንሄድ በሙሉ አፋችን ያልነገርናቸው ብዙዎች ነበርን። ከቃለ ጉባኤው ሰርዘነው የነበረው «ልምድ ልውውጥ» በየቤታችን አልተሰረዘም ነበር። ማኅበሩ በመደበኛው ወለድ የዘር ብር አበደረን። ዘሩ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ገባ፣ ምርቱም ዋጋ በወረደበት ሰዓት ደረሰ። ብድሩን ከፍለን የጨረስነው በዓመቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኮሮናው፣ አንበጣው፣ በ2013 ክረምት መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ። ደሴ ተፈናቅለን ትምህርት ቤት ወለል ላይ ስንተኛ የመርካቶው ብርድ ልብስ ለሦስት ቤተሰብ ሆነ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል አንዷ «ያ አልጋ ትዝ ይላችኋል?» ትላለች፣ ሌላዋ የአዝማሪውን ነገር ታነሣለች፤ «አብሽሩ፣ እንደገና እንሄዳለን» ትላለች ሦስተኛዋ። ከመካከላችን ያኔ የተናገረችው ዛሬ የለችም፤ ነፍሷን ይማር። የሁለተኛው ጉዞ ጥያቄ የተነሣው እንግዲህ ከዚያ ነው። ቅንጦት ነው የምትሉን እህቶች አላችሁ። አዎን፣ ቅንጦት ነው፤ በጀት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

አሁን ያኔ በነበረው ዋጋ ምንም እንደማይገኝ ለእናንተ አይነገርም። ሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ መጋረጃውም ስኒውም ከውጭ የሚመጣ ነው። ብራችንን ለሁለት ዓመት ባንክ ብናስቀምጠው ወለድ ይዞ ይመጣል፣ ዋጋው ግን ቀድሞት ይሄዳል። ስለዚህ ኮሚቴው ያቀረበው ይህን ነው። የጉዞው ቁጠባ ፍየል ይገዛበት፤ ለበዓል ይሸጥ፣ እንደገና ይገዛ። በጀቱ ላይ ለዕቃ መግዣ እኩል ልክ ይቀመጥ፤ ብሩ በየስማችን በፖስታ ይታሸግ፣ ገንዘብ ያዧ መርካቶ በር ላይ ትስጠን። የዘር ብር፣ የሰው አደራ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይዛ መኪና ላይ የምትወጣ አትኑር። ሆቴል ስንጠይቅ «ሁሉም ተጨምሮ ስንት?» እንበል፣ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል። ሾፌሩ ሰው ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል። ለአዝማሪ ሽልማትም መደብ ይኑር። ደግሞም ማምሸቱና ውዱ አልጋ በአንድ ሌሊት አይዋሉ፤ መጀመሪያ እናምሽ፣ በማግስቱ በጊዜ ገብተን እንተኛ፣ ጠዋት ቁርሱን በልተን እንውጣ። ባል ያላት ለባሏ ከወዲሁ ትንገር።

ደሴ ይበቃናል፣ ባሕር ዳር ይሻላል የሚሉም አሉ፤ እርሱ ለውይይት ክፍት ነው። ቀኑ ግን መንገዱ ሰላም መሆኑ ሳይረጋገጥ አይቆረጥም።

እስካሁን በጉዞው ስም የተገዙት ፍየሎች ስድስት ናቸው። አንዷ ባለፈው ሳምንት መንታ ወልዳለች። ግልገሎቹ በጉዞው መዝገብ ይግቡ ወይስ ለምትጠብቃቸው እህታችን አንዱ ይሰጥ የሚለው ዛሬ ድምፅ ይሰጥበታል፤ እኛ ሁለታችን ይሰጣት ብለናል።