ሰባት ወይስ አምስት?
(በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ላይ የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ከፊታችሁ የቆምሁት ስለ አንድ ስሕተቴ ልናገር ነው።

ባለፈው ዓመት በፊዚክስ ፈተና እንዲህ ተብለን ተጠየቅን። በአንድ ስፍራ 10 ማይክሮኩሎም የኤሌክትሪክ ሙል አለ። ከእርሱ በስተምሥራቅ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት 3 ማይክሮኩሎም፥ በስተሰሜንም በዚያው ርቀት 4 ማይክሮኩሎም ተቀምጠዋል። ሦስቱም ፖዘቲቭ ናቸው። በ10 ማይክሮኩሎሙ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ጉልበት ስንት ነው?

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ኩሎም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1785 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ በሁለት ትንንሽ ሙሎች መካከል ያለው ጉልበት በሙሎቹ ብዜት ልክ ይጨምራል፤ በርቀታቸው ካሬ ልክ ደግሞ ይቀንሳል። በኩሎምና በሜትር ሲሰላ ቋሚው ቍጥር 9 ቢሊዮን ያህል ነው። ብሠራው የምሥራቁ 3 ኒውተን፥ የሰሜኑ 4 ኒውተን ሆነልኝ። ደምሬ 7 ብዬ ጻፍሁ፤ ዜሮም አገኘሁ።

መምህሬ የበደሉኝ መስሎኝ ወረቀቴን ይዤ ሄድሁ። እርሳቸውም ሳይቈጡ፥ «ልጄ፥ ወዴት ነው የሚገፉት?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ።

ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉና፥ የምሥራቁ ወደ ምዕራብ፥ የሰሜኑ ወደ ደቡብ ይገፋል። ሁለት ሰዎች አንድ ሣጥን አንዱ ወደ ምዕራብ፥ ሌላው ወደ ደቡብ ቢገፉት፥ ሣጥኑ በመካከል ይሄዳል እንጂ የሁለቱ ጉልበት እንዳለ አይደመርም። አቅጣጫዎቹ ቀጥተኛ ማዕዘን ስለሚሠሩ በፓይታጎረስ ሕግ የ3 ካሬ 9፥ የ4 ካሬ 16፥ ድምሩ 25 ነው፤ 25 ደግሞ የ5 ካሬ ነው። እውነተኛው መልስ 5 ኒውተን፥ አቅጣጫውም በደቡብና በምዕራብ መካከል፥ ይልቁንም ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው።

ሙሎቹ ስንትም ቢሆኑ፥ የአንዱ ግፊት በሌላው መኖር አይለወጥም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ለየብቻ አስልቶ፥ ኋላ ከነአቅጣጫው ማስተባበር ነው። ሁለት እኩል ሙሎች በግራና በቀኝ በእኩል ርቀት ቢቆሙ፥ በመካከለኛው ላይ ያለው ድምር ዜሮ ይሆናል፤ ሁለቱ ግን መግፋታቸውን አልተዉም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በፈተና ጊዜ ቍጥር ከመደመራችሁ በፊት ሥዕሉን ሥላችሁ፥ «ወዴት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔም ስለዚያ ዜሮ መምህሬን ዛሬ በፊታችሁ አመሰግናለሁ።