የፎቶግራፍ አንሺ ዓይን በክብር ቀን



በ1929 ዓ.ም. ግንቦት 4 ቀን የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛ በሎንዶን ዘውድ ሲደፉ፥ ሌሎች ፎቶግራፍ አንሺዎች ሠረገላውን ሲከተሉ፥ አንሪ ካርትዬ ብሬሶን የተባለው ፈረንሳዊ ግን መሣሪያውን ወደ ተመልካቹ ሕዝብ አዞረ። ሰልፉን ለማየት መጥቶ፥ ድካም አሸንፎት በተበተነ ጋዜጣ ላይ የተኛውን ሰው አነሣ።

ይህ ንጉሡን መናቅ አይደለም። የዘውዱ መልክ በብዙ መጽሐፍ ይገኛል፤ የዚያ ደካማ ሰው መልክ ግን ባይነሣ ኖሮ ጠፍቶ በቀረ ነበር።

ስለዚህ በንግሥ፥ በሠርግም ሆነ በቀብር ቀን ፎቶግራፍ የምታነሡ ልጆች ሆይ፤ የሚጸልየውን ሳታውኩ፥ የሚያለቅሰውንም ሳታሳፍሩ፥ ከቅጥሩ ጥግ ምርኩዟን ተደግፋ የቆመችውን ባልቴት፥ ከድንኳኑ ጀርባ እንጨት የሚፈልጠውን ጎረቤት አትለፉአቸው። የልጅ ልጆቻችን በዓሉን ማን እንዳቆመው ከእነርሱ ፊት ያነቡታልና።