የልጆቹን ሣጥን ቁልፍ ማን ይያዝ?

(ይህ ባለፈው ቅዳሜ በአንድ የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ያሰማሁት ንግግር ነው። የት/ቤቱንም ሆነ የተማሪዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ጉዳዩ የአንድ ት/ቤት ብቻ አይደለምና።)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣ መምህራን፣ እንዲሁም ወንበር አልደርሳችሁ ብሎ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፤

መድረኩን የሰጣችሁኝ «ጋዜጠኛ ስለሆነ ሁለት ሦስት የሙገሣ ቃል ጣል ያደርግልናል» ብላችሁ እንደሆነ አላጣሁትም። ሙገሣው አለ፤ ይመጣል። ዳሩ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። የእህቴ ልጅ ከእነዚህ 32 ተማሪዎች አንዷ ናት። ስለዚህ ዛሬ በምትወስኑት ጉዳይ ላይ ቤተሰባችን የ85 ብር ጥቅም አለበት። በአገራችን ጥቅሙን አስቀድሞ ተናግሮ ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው ብዙም ስለማያጋጥም፣ ከኔ ይጀመር ብዬ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ለማታውቁት ላስረዳ። በጥቅምት ወር እነዚህ የአሥረኛ ክፍል ልጆች «አንድ አነስተኛ ንግድ ራሳችሁ አቋቁማችሁ፣ ሠርታችሁ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳቡን ዘግታችሁ ታሳያላችሁ» ተባሉ። እያንዳንዳቸው የ100 ብር አክሲዮን ገዙ፤ 3,200 ብር ሆነ። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ መረጡ። ቃለ ጉባዔ ያዙ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ፈሳሽ ሳሙና ለመሥራት ተስማሙ። ኬሚካሉን፣ ቀለሙንና ሽታውን ከመርካቶ፣ ባዶ ሃይላንዱን ደግሞ ከሚናለሽ ተራ ገዙ። የግማሽ ሊትሩን ዋጋ 50 ብር አሉት።

ይህ የንግድ ት/ቤት ሐሳብ ትናንት የተፈለሰፈ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካን አገር፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ሦስት ሰዎች ጁኒየር አቺቭመንት የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። አንዱ የወረቀት ፋብሪካ ባለቤት ሆራስ ሞሰስ፣ ሁለተኛው የስልክ ኩባንያ የመሩት ቴዎዶር ቬይል፣ ሦስተኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት መሪ ክሬን ናቸው። ወጣቶች ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየተሰባሰቡ ዕቃ ሠርተው ይሸጡ ጀመር። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ደንብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ተማሪዎቹ አክሲዮን ይሸጣሉ፣ አመራር ይመርጣሉ፣ ያመርታሉ፣ ይሸጣሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ድርጅቱን ያፈርሱና ገንዘቡን ለባለ አክሲዮኖቹ ሂሳብ አድርገው ይመልሳሉ።

እዚህ ላይ «ይመልሳሉ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ። ኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ ሳሙናችን እንሂድ። የመጀመሪያው ምርት 40 ሃይላንድ ነበር፤ ወጪው 1,800 ብር። 26ቱ ተሸጠ። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። በሳምንቱ ግን 17ቱ ተመልሶ መጣ! «ይሄ ሳሙና ነው ወይስ ውሃ?» ያሉ እናት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሲስቁም አያቸዋለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ጨው ሲጨመርበት ሳሙናው ይወፍራል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን መልሶ ይቀጥናል። ልጆቹ ደግሞ በወፈረ ቁጥር ደስ እያላቸው ጨውን ሲሞጅሩበት ነበር የዋሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የእህቴ ልጅ ናት የነገረችኝ። ግማሹ ተማሪ «አንዴ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብለን እንለጥፍ» አለ። ግማሹ ደግሞ «የገዙን እኮ እናቶቻችን ናቸው» አለ። ሁለት ሰዓት ተከራክረው በእጅ ብልጫ ወሰኑና 850 ብር ለገዢዎቹ መለሱ። ያልተሸጠውንም የተመለሰውንም ደፉት። ከ1,800 ብር ወጪ እጃቸው ላይ የተረፈው 450 ብር ብቻ ሆነ። ገንዘብ ያዥዋ ልጅ በመዝገቡ ገጽ 7 ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ኪሣራ 1,350 ብር። ምክንያት፣ ጨው አብዝተናል።»

ወገኖቼ፣ እኔ በጋዜጣ ሥራ ስንት ሪፖርት አንብቤአለሁ። «አፈጻጸሙ አመርቂ ነበር» የሚል፣ «አንዳንድ ተግዳሮቶች ቢኖሩም» የሚል፣ «መቶ በመቶ ተሳክቷል» የሚል። «ጨው አብዝተናል» ብሎ እቅጩን የጻፈ ግን የሰው ያለህ! ከዚህች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በቀር አላጋጠመኝም። ሙገሣው ይመጣል ያልኳችሁ ይኸው መጣ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አጨብጭበን ወደ ቤታችን በሄድን። ጉድ ሳይሰማ ግን መስከረም አይጠባም። በመጋቢት «ከበላይ አካል እንግዶች ሊጎበኙን ነው» ተባለ። መዝገቡም ለእይታ ሊቀርብ ነው። ለልጅቷ የተሰጣት ምክር «ያቺን ገጽ ቀደድ አድርጊና፣ ኪሣራ በሚለው ፋንታ በሙከራ ምርት ላይ የዋለ ብለሽ ገልብጪው» የሚል ነበር። ልጅቷ ምን አለች? «ቲቸር፣ ተመልሶ የመጣውን ሃይላንድ ሰው ሁሉ አይቶት የለም እንዴ?» አለች። ገጹ አልተቀደደም።

መምህሩን ለመኮነን አይደለም ይህን ማንሳቴ። እሳቸውም «ለምን ከሰራችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ አለባቸው። አለቃውም አለቃ አለበት። ውሸት እኮ ብዙውን ጊዜ ከክፋት አይመጣም፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተንከባለለ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ንግድ እናስተምራለን ብለን ልጅ ሰብስበን፣ የመጀመሪያውን ዓመት የመዝገብ ፍቀት ካስተማርናት ምን ቀረን?

ሆላንድ አገር ሦስት ተመራማሪዎች ይህንኑ የተማሪዎች ኩባንያ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት አለ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። በተማሪዎቹ ችሎታ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ ነጋዴ የመሆን ፍላጎታቸው ጭራሽ ቀነሰ። ስዊድን ውስጥ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሌላው ጥናት ደግሞ፣ በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት በዚህ ያለፉ ልጆች ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን ድርጅት የማቋቋም ዕድላቸውም፣ ከንግዳቸው የሚያገኙት ገቢም ከፍ ማለቱን አሳየ። ያቋቋሙት ድርጅት ግን ከሌላው ሰው ድርጅት የበለጠ ዕድሜ አልነበረውም።

ታዲያ የትኛውን እንመን? እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። የሆላንዶቹ ተመራማሪዎች ለፍላጎቱ መቀነስ እንደ አንድ ምክንያት የጠቀሱት፣ ልጆቹ ስለ ራሳቸውም ስለ ንግድም እውነቱን ሳያዩ አልቀረም የሚል ነው። ሠርቶ ያየ ልጅ «ይሄ ለኔ አይሆንም» ቢል ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? በሃያ አምስት ዓመቱ የአባቱን ቤት አስይዞ ከሚያውቀው፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ በ100 ብር ቢያውቀው አይሻልም? ትምህርቱ ግን የሚሠራው ኪሣራውም የራሱ፣ ትርፉም የራሱ ሲሆን ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ቃል ልመለስ። ልጆቹ ከኪሣራው በኋላ የኬሚስትሪ መምህራቸውን አማክረው፣ ጨውን በሚዛን እየለኩ ሦስት ጊዜ ሠሩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሸጡ። ዛሬ ሣጥኑ ውስጥ 5,920 ብር አለ። መነሻው 3,200 ሲቀነስ ትርፉ 2,720 ብር ነው። ለ32 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 85 ብር ይደርሰዋል። ለዛሬው ስብሰባ የቀረበው ሐሳብ ደግሞ «መነሻው ለተማሪዎቹ ተመልሶ፣ ትርፉ ለት/ቤቱ ውስጥ ገቢ ሆኖ ለአጥር ቀለም መቀቢያ ይዋል» ይላል።

85 ብር ምን ይገዛል? ዛሬ በዚህ ከተማ የአንድ ሰው ደህና ምሳ አይሸፍንም። «ለዚህች ብላችሁ ነው እንዴ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ለዚህችው ብዬ ነው። ለምን እንደሆነ ከራሴ ሕይወት ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ት/ቤት ስማር፣ በክበባችን በኩል ብስኩትና ሻይ እንሸጥ ነበር። እያንዳንዳችን 10 ብር አዋጣን። 10 ብር ያኔ ገንዘብ ነበረች፤ እናቴ ከጉሊት ሽያጯ ቆጥራ ነው የሰጠችኝ። በየዕረፍቱ እኔ ሻይ ስቀዳ ጓደኞቼ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ሰኔ ላይ «ገንዘቡ ለክበቡ ማጠናከሪያ ውሏል» ተባልን። ምን እንደተጠናከረ ያየ የለም። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «አንተ ደግሞ ነገር ትወዳለህ» ተባለ። እኛም ሳቅንበት።

በልጁ ላይ መሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚያ ዓመት የንግድ ትምህርት አልተማርኩም፤ የተማርኩት አለመጠየቅን ነው። ሣጥኑን የያዘ ሰው አይጠየቅም፣ የሚጠይቅ ነገረኛ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ማንም ሰሌዳ ላይ አልጻፈልንም፤ በ10 ብራችን ግን ጥርት አድርገን ተማርነው። ታላቅ እህቴም በደርግ ጊዜ «ትምህርት ለምርት» እየተባለ ት/ቤት ውስጥ ጎመን ይተክሉ እንደነበር ትነግረኛለች። «ጎመኑንስ ማን በላው?» ስላት «እኔ እንጃ! ውሃ እናጠጣ ነበር እንጂ ሲበላ አላየንም» ትለኛለች። መፈክሩ ተለወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ጎመኑ ሳሙና ሆነ። ጥያቄው ግን ያው ነው።

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ የእርስዎም መከራከሪያ ተገቢ ነው። «ክፍሉም የት/ቤቱ፣ ውሃውም መብራቱም የት/ቤቱ» ብለዋል። እውነት ነው። እንግዲያው ያስከፍሏቸው! በሚመጣው ዓመት ጥቅምት ላይ «የክፍል ኪራይ በወር ይህን ያህል፣ የውሃ ይህን ያህል» ብለው ይዋዋሏቸው። ልጆቹም ከዋጋቸው ላይ አስልተው ይክፈሉ፤ ኪራይ የማይከፍል ነጋዴ የት አለ? ይህ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ትርፉ ከታየ በኋላ የሚመጣ ኪራይ ግን ኪራይ አይባልም። ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚነግድ ሁሉ አንድ ቀን ደርሶበታል።

ሌላም ነገር አለ። በሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን አልደረሰም ይባላል፤ በስሙ ውል የሚዋዋልለት ሞግዚት ያስፈልገዋል። እነዚህ ልጆች ንግድ ፈቃድ የላቸውም፣ የሚከሱበት ፍርድ ቤት አያውቁም። በት/ቤቱ ጥላ ሥር የሆኑት ለዚህ ነው። ሞግዚት ደግሞ የልጅን ገንዘብ ይጠብቃል እንጂ አይወርስም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፤ እናንተን ስለ ሂሳብ ማስተማር ለኔ ድፍረት ነው። የእድራችሁ ገንዘብ ያዥ በወሩ መጨረሻ ተነስቶ «ያለንን ገንዘብ አጥር ቀባሁበት» ቢላችሁ ዝም ትሉታላችሁ? የእቁባችሁ ጸሐፊ «ዕጣ የወጣለት ሰው ለሰፈሩ ጥቅም ሲባል ይተወው» ቢል ማን ይሰማዋል? ለራሳችን ያልፈቀድነውን በልጆቻችን ላይ ለምን እንፈቅዳለን?

አጥሩ ቀለም ያስፈልገዋል፤ አይቼዋለሁ፣ ያሳዝናል። ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ዛሬ 185 ብሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ በእጁ ይሰጠው፤ እሱም ይፈርም። ከዚያ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ለአጥሩ መዋጮ ይጠይቁ። መስጠት የፈለገ ይስጥ፣ ያልፈለገ ይተው። የእህቴ ልጅ 50 ብሩን እንደምትሰጥ ነግራኛለች፤ 35ቱን ግን ለእናቷ ሻርፕ መግዣ ማጠራቀም እንደምትጀምር ምላለች። በራሷ ፈቃድ የሰጠቻት 50 ብር፣ ሳትጠየቅ ከሚወሰድባት 85 ብር ትበልጣለች። ለአጥሩም ቢሆን ትበልጣለች፤ ራሱ የቀባውን አጥር የሚቧጥጥ ልጅ የለምና።

እጅ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። መዝገቡ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተነሱና ገጽ 7ን አንብቡ። የሦስት ሰከንድ ንባብ ነው። ከዚያ ቁልፉ ማን ዘንድ መቀመጥ እንዳለበት እናንተው ፍረዱ።