ሰክሮ ስለ መንዳት የሕዝባችን አስተያየት
(ጀልዴሳ ላይ በተደረገው የተማሪዎች ስብሰባ የተነገረ)



ስለ ሰካራም ሾፌርና ስለ ሕጉ ጥቂት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ቦታው ጀልዴሳ መሆኑን የሰሙ ጓደኞች «መጠጥ በማይወደድበት አገር ስለ ስካር ምን ልትል ነው?» ብለው ቀለዱብኝ። ቀልዱ መልካም ነው። ነገር ግን ይህን ጉዳይ ለማንሣት ከጀልዴሳ የሚሻል ቦታ ያለ አይመስለኝም።

እንደሚታወቀው የምድር ባቡር ሳይመጣ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ የሚያርፈው እዚህ ነበር። የበረሃው ግመል ወደ ደጋው ስለማይወጣ፥ ከባሕር የመጣው ዕቃ እዚህ ይራገፍና በሌላ ከብት ተጭኖ ሽቅብ ይጓዝ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ገበያውም ጀልዴሳን ጥሎ ተከተለው። ዛሬ የማነሣው ግን ንግዱን አይደለም። በዚያ ዘመን መንገደኛውን የሚጠብቁ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው መንገዱን የሚያውቅ እንስሳ፥ ሁለተኛው አባን የሚባለው ሰው። አባኑ ከአገሩ ነገድ የሆነ ጠባቂ ሲሆን፥ ለእንግዳው ነፍስና ለንብረቱ በራሱ ስም ተጠያቂ ነበር።

አውቶሞቢል ሲመጣ ሁለቱም ቀሩ። አስተያየታችን ግን ከበቅሎው ዘመን ገና አልወረደም። ድግስ ቤት ያመሸ ሰው በበቅሎው ላይ ቢያንቀላፋ በቅሎዋ ገደሉን እየሸሸች፥ ወንዙን በመልካው እየተሻገረች ከደጁ ታደርሰዋለች፤ ቢወድቅም የሚሰበረው የራሱ አጥንት ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ሞቅ ብሎት በሚሄድ ሰው ላይ ቢስቁ አያስፈርድባቸውም። ዛሬም በዚያው ሣቅ «ሞቅ ብሎታል»፥ «ቀማምሷል» እንላለን። እንዲያውም «እሱ ሲጠጣ ነው አሳምሮ የሚነዳው» ተብሎ ይመሰገናል። ሰው ከሞተም በኋላ «ቀኑ ነው»፥ «ሰይጣን ነው» ይባላል። መኪና ግን ገደል አይሸሽም።

ሕጋችን ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ተራ ጥፋተኛ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፥ ወይም በመቀጮ ብቻ ይቀጣል። ነገር ግን ያው ሰው በመጠጥ ወይም በሚያደነዝዝ ነገር ራሱን ኀላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አግብቶ ከሆነ፥ ቅጣቱ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይሆናል። ሟቹ አንድ፥ መንገዱ አንድ፥ መኪናው አንድ፤ በሁለቱ ቅጣቶች መካከል ያለው ልዩነት ግን እንደ ሰማይና ምድር ነው። ሕግ አውጪው ያየው መሪው የተያዘበትን ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ብርጭቆው የተነሣበትንም ሰዓት አይቷል። «ሰክሮ ነው እንጂ ሳይሰክርማ አያደርገውም» የሚለው የሽማግሌ ልመና በዚህ ሕግ ፊት ማቅለያ ሊሆን ይቅርና ማክበጃ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚናገረው ሬሳ ከወደቀ በኋላ ነው። አስቀድሞ ለመከላከል በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ወጣ። በአዲስ አበባም ትራፊክ ፖሊሶች ማታ ማታ መሣሪያ ይዘው የሾፌር ትንፋሽ ይለካሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በዘገባዎቹ የአገራችንን የአልኮል ወሰን በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ብሎ መዝግቦታል። በጠርሙስ ለመቁጠር አትሞክሩ፤ እንደ ሰውየው ክብደትና እንደ በላው ምግብ ይለያያል።

እንግዲህ አስተያየታችን ተለወጠ ወይ? በበኩሌ ፍርሃት መጥቷል፥ እፍረት ግን ገና ነው እላለሁ። ሾፌሩ የሚጠይቀው «ዛሬ በየትኛው መንገድ ቆመዋል?» ብሎ ነው፤ በሌላ መንገድ ዞሮ ቤቱ ከገባ ጉዳዩ አለቀ። ጓደኞቹም መንገዱን ጠቁመው እንደ ረዱት ይሰማቸዋል።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አለመሆኑን መናገር ተገቢ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1967 እ.ኤ.አ. ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል የትንፋሽ መመርመሪያውን በሕግ ስታስገባ ወሰኑ ያው 0.8 ነበር። የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ጮኹ፤ ለሚኒስትሯም የስድብና የዛቻ ደብዳቤ ጎረፈላት። ከዚያ በፊት ጉዳዩን የሚያዩ ዳኝነት ተቀማጮች፥ ተከሳሹ የሠራውን እነሱም ይሠሩት ስለ ነበር፥ ለመፍረድ እጃቸው ይከብድ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የመንገድ ሟቾች ቁጥር ከ1,000 በላይ ቀነሰ። ሰክሮ መንዳት በጎረቤት ፊት የሚያሳፍር ነገር እስኪሆን ግን ብዙ ዓመታት ፈጀ። በጃፓን ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ፉኩኦካ ላይ አንድ ሰካራም ሾፌር ሦስት ሕፃናትን ለሞት ካበቃ በኋላ፥ በማግሥቱ ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ መጠጡን ያቀረበውም፥ መኪናውን ያዋሰውም፥ እያወቀ አብሮ የተሳፈረውም እንዲቀጣ ተደረገ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ይህ ነው፤ አባኑን በሌላ ስም መለሱት ማለት ነውና።

አሁን ወደዚህ ወደ ቆምንበት አገር ልመለስ። እዚህ ብዙ ሰው አልኮል አይቀምስም፤ ስለዚህ ሕጉ የከተማ ጠጪዎች ሕግ ይመስላል። ጫቱስ? የሌሊት ሾፌር እንቅልፍ ለማባረር ይቅማል። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካውም፤ ምርቃናው ሲለቅ ያልተኛበት ሌሊት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዓይኑ ላይ ይወድቃል። ከዚያም የባሰው ጨብሲ ነው፤ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይደርብበታል። የትንፋሽ መሣሪያው መጠጡን ያገኘዋል፥ ጫቱን ግን አያገኘውም። ስለዚህ ያንን ሾፌር ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው በቀር የሚያውቅበት የለም።

መሣሪያው በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ሌላ ዳኝነት አለ። የኢሳ ሶማሌዎች ሄር ኢሴ የሚባለው በቃል የሚተላለፍ ሕግ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በሶማሌው ልማድ የአንድ ወንድ የደም ካሣ መቶ ግመል ተብሎ ሲነገር ኖሯል፤ የሚከፍለውም ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ወገኑ ሁሉ ነው። ኦሮሞውም ጉማ አለው። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ይህ የጋራ ክፍያ ጥፋተኛውን ከሸክሙ ያሳርፈዋል ብለው ይነቅፉታል። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ያየ ይመስለኛል። ለልጁ ጥፋት ግመል የሚያወጣ ወገን፥ ልጁ መሪ ከመያዙ በፊት ቁልፉን የመንጠቅ መብት አለው። ሕግ የምታጠኑ ጓደኞች ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ፥ በመኪና የሞተ ሰው ጉዳይ ሲታይ ሾፌሩ ምን ቅሞ፥ ምን ጠጥቶ እንደ ነበርና ማን አብሮት እንደ ተሳፈረ እንዲጠየቅ ብትነጋገሩ፥ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ ተሳፋሪው ካነሣሁ ስለ ራሳችንም ልናገር። ማታ ከከተማ ስንመለስ የባጃጁ ሾፌር ዓይኑ ቀልቶ፥ አፉ ሸትቶ እያየን እንሳፈራለን። «ወንድሜ፥ አንተ ዛሬ አትነዳም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘናል፤ ቢበዛ «ቀስ በል» እንላለን። ሕጉን ከማንም ይልቅ አንብበነዋል የምንለው እኛ ነን።

የምረቃው ምሽት ቀርቧል። በዚያ ምሽት መጠጥም ጫትም የማይቀምሱ አራት ልጆች በር ላይ ተቀምጠው የመኪናና የሞተር ብስክሌት ቁልፍ እንዲረከቡ፥ ቁልፉም እስኪነጋ እንዳይመለስ፥ ባለቤቱ የማንም ልጅ ቢሆን ወይም መምህር ቢሆን፥ ለማኅበሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ። ሦስት ስሞች ይቀራሉ፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስታውቁ።